አረሜን የሚሰድብ ጠፋ

ሜይ 24

ዛሬም ደጃፌ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ኬክ አገኘሁ። አንኳኩቶ የሰጠኝ ሰው የለም፤ እንደ ሌባ በጓሮ መጥተው አስቀምጠው ሄዱ። እኔ የማውቀው እንዲህ ያለ ኬክ ለሐዘን ቤት ነው። እኔ ግን የሞተብኝ ሰው የለም። ባሌ ያኒስ ወጥ ቤት ተቀምጦ ገንፎውን በግራ እጁ እየበላ ነው፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ይፈሳል፣ ግማሹ ወደ ሆዱ ይገባል። የሚበላ ሰው ሕያው ነው።

ኬኩን ለዶሮዎቹ በተንኩላቸው። በኋላ ቆጨኝ፤ የፖም ኬክ ነበር፣ ያኒስ ይወዳል።

ሜይ 27

ኡልዲስ ከከተማ መጣ። አንድ ልጅ ወልጄ፣ እሱም ገና ጫማውን ሳያወልቅ «እማ፣ ደከመሽ አይደል?» ይለኛል። አልደከመኝም አልኩት። ዙሪያውን ያያል። ያልታጠበውን ሳህን ያያል። የአባቱን ጥፍር ያያል። እኔን ያያል፣ ከዚያ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ያሸሻል።

ከዚያ አባቱ ፊት ተቀመጠና ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ጮክ ብሎ፣ «አባባ፣ ከተማ ውስጥ ጥሩ የአረጋውያን ቤት አለ። ነርሶች አሉት፣ ሰፊ በረንዳ አለው። ከሊጎ በዓል በኋላ አንድ አልጋ ይለቀቃል ብለውኛል። ብትሄድ ምን ይመስልሃል?» አለው።

ያኒስም «ጥሩ» አለ።

ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ?» አለኝ።

ምኑን ነው የማየው? በፌብሩዋሪ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎኑን ከወሰደው ወዲህ ለያኒስ የቀረችው ቃል ይቺው ናት። ይርበዋል፣ «ጥሩ»። ሾርባው ያቃጥለዋል፣ «ጥሩ»። ድመቷ ሞተች ስለው «ጥሩ» ብሎ እንባው መጣ። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብለው ቢነግሩት «ጥሩ» ነው የሚለው። ልቡናው ሙሉ ነው፣ ሐኪሙ ራሱ ነግሮናል፤ የጠፋው ቃሉ ነው።

«ታዲያ አልፈልግም ማለቱን በምን እናውቃለን?» አለኝ ኡልዲስ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩት።

«በምን?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ተነፈሰ። በሥራ ቦታው ሰው ሲያስቸግረው እንዲህ ነው የሚተነፍሰው መሰለኝ። ለበዓሉ መጥቼ አድራለሁ፣ በጁን ሃያ አምስት ይዤው እሄዳለሁ አለ፤ ስለ ሶፋ የሚያወራ ነው የሚመስለው። መኪናው ከኮረብታው እስኪወርድ ድረስ አላለቀስኩም። ከወረደም በኋላ አላለቀስኩም፤ ሽንኩርት ነበር የምከትፈው።

ሜይ 30

አረም። ካሮቱ አይታይም። ነገ።

ጁን 2

የባህል ቤቷ ኃላፊ ኢቬታ በመኪና መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ከሰው ጋር ስትነጋገር ራሷን ወደ ጎን ታዘነብላለች፣ ፎቶ የሚያነሷት ይመስል።

«ወይዘሮ ሚርዛ፣ ዘንድሮ እርስዎ ይረፉ» አለችኝ። «የሊጎን እሳት እኛ የኳስ ሜዳው ላይ እናነድደዋለን። ድምፅ ማጉያ አለን፣ ከሪጋ ዘፋኝ አስመጥተናል፣ መጸዳጃ ቤትም አለ። ለሁላችንም ይቀላል።»

እሳት ለመቅለል ይነደዳል እንዴ? ሊጎ የበጋ አጋማሽ ሌሊት በዓል ነው፤ እሳቱ የበራለት እርሻ ያፈራል፣ ለዚህ ነው ከፍ ያለ ቦታ የሚነደደው፤ በዚህ አገር ደግሞ ከእኛ እርሻ፣ ከኦዞሊ ኮረብታ የሚበልጥ የለም። የያኒስ አያት አንድደዋል። በሩሲያኖቹ ጊዜ በዓሉ ክልክል ሆኖ ከቀን መቁጠሪያ ላይ ሲፋቅ እንኳ አማቴ «ቆሻሻ ነው የማቃጥለው» እያሉ አንድደዋል። ሚሊሺያው መጥቶ «በባሉጥ ቅጠል አክሊል ነው እንዴ ቆሻሻ የሚቃጠለው?» ሲላቸው «ራሴን ፀሐይ እንዳይመታኝ ነው» አሉት፣ በእኩለ ሌሊት። ፓስተሩ በበኩሉ በዓሉ የመጥምቁ ዮሐንስ ነው ይላል። ይበል። ዮሐንስ በእኛ አፍ ያኒስ ነው፣ ስሙን ነው ያዋሰን፤ እኛ የምናነድደው ለፀሐይ ነው። ኢቬታ የምታነድደው ለመጸዳጃ ቤቱ ነው።

«ያኒስ የሚባል ሁሉ በዚያ ሌሊት ንጉሥ ነው፤ የኔ ንጉሥ ያለው እዚህ ነው» አልኳት።

«እሳቸውንም በተሽከርካሪ ወንበር እናመጣቸዋለን። የፊት ረድፍ ላይ እናደርጋቸዋለን።»

የፊት ረድፍ። እንደ ሎተሪ አሸናፊ። በሩን አሳየኋት።

ጁን 5

አውስማ በወንዙ ዳር ባለው መንገድ አለፈች። የክራስቲ እርሻዋ አውስማ፤ ጎረቤቴና ጠላቴ። ጠባችን በቦይ ተጀመረ። የጓሮዋን ውኃ ወደ እኔ መልሳ ድንቼን አበሰበሰችው፤ እኔም ላሞቼን ጎመኗ ላይ ለቀቅሁባት። ያኔ ኡልዲስ ገና አልተወለደም ነበር። ከዚያ ወዲህ በሊጎ ምሽት ካልሆነ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም፣ እሱም በግጥም።

በሊጎ ምሽት ኮረብታውን እየዘፈነ የሚወጣ እንግዳ እመቤቲቱን መስደብ መብቱ ነው። ጓሮዋ ካልታረመ በአረሙ፣ አይቧ ከደረቀ በአይቡ፣ ቢራዋ ከቀጠነ በቢራው ይዘፍንባታል። እሷም በግጥም ትመልሳለች። የተቆጣ ይዋረዳል። የማይሰደብ ቤት ሐዘን የተቀመጠበት ቤት ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ አውስማ የእባብ ምላስ አላት። እኔም አላንስም።

ዛሬ አጥሩ ጋ ቆማ ጓሮዬን አተኩራ አየችው። ከንፈር አልመጠጠችም። ኬክም አልያዘችም። አይታ ሄደች። ምን አገባት?

ጁን 9

ወደ ምድር ቤት ስወርድ ደረጃው አዳለጠኝ። ክንዴ ጠቁሯል፣ ወገቤም እንቢ ብሏል። ያኒስ ግንባሩ ተፍቋል፤ የአልጋው ጠርዝ ይሆናል የነካው። አውስማ በዚያ ሰዓት በመንገዱ ታልፍ ነበር፣ የመኝታ ቤቱ መስኮትም ክፍት ነበር። ቢሰማ ምን ይሰማል? ደረጃ ነው ያዳለጠኝ።

ወለሉ በጁን እንኳ ይቀዘቅዛል። እስክንነሣ ድረስ ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ተሻግራ ነበር።

ጁን 12

ጮኽኩበት። አልጋውን ለውጬ ሳልጨርስ እንደገና አረጠበው፤ አንሶላውን መሬት ላይ ወርውሬ ጮኽኩበት። ሆን ብለህ ነው የምታደርገው አልኩት። አንድ ቀን ጥዬህ እሄዳለሁ አልኩት። ሌላም ነገር ብያለሁ፣ አልጽፈውም።

«ጥሩ» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያኒስ ለአንድ ቃሌ አሥር ይመልስልኝ ነበር። ሳሕን እስኪሰበር እንጣላ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ እንጨት ይፈልጣል፣ እኔም ቢራ ይዤለት እሄዳለሁ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ? የዛሬ ቁጣዬ ተመልሶ ራሴ ላይ ነው የወደቀው። አዲሱን አንሶላ ሦስት ጊዜ አዛንፌ ነው ያነጠፍኩት። ዓይኔ ደክሞ ነው።

ጁን 13

ወገቤ። የአየሩ ለውጥ ነው።

ኡልዲስ ደወለ። «ሁሉ ሰላም ነው» አልኩት።

ጁን 15

ሱቅ ሄድኩ። የዱቄቱ መደርደሪያ ጀርባ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ በድምፃቸው ብለያቸውም ስማቸውን አልጽፍም፣ ደብተሬን አላቆሽሽም።

«ምስኪን ሚርዛ። አየሻት ግን ምን እንደመሰለች?»

«ሰው አታስጠጋም። ባለፈው ልረዳሽ ብላት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ሁለቱም እዚያ ቤት ወድቀው ነው የሚገኙት አንድ ቀን።»

«እሳቱን ግን አነድዳለሁ ብላለች አሉ። እንሂድላት እንዴ?»

«መሄዱንስ እንሂድላት፤ ምን ተብሎ ይዘፈናል ግን? በዚህ ላይ ጓሮዋን ብታዪው…»

«ኧረ በፈጣሪ። የታመመ ሰው ባለበት ቤት አረም ይሰደባል? ጥሩ ጥሩውን ዘፍነን እንመለሳለን።»

መደርደሪያውን ዞሬ ፊታቸው ቆምኩ። አንዷ «ሚርዛዬ፣ እንዴት ነሽ?» አለችኝ፣ በዚያ ለሕፃን በሚወጣ ድምፅ። ከአሁን በፊት «ሚርዛዬ» ብላኝ አታውቅም፤ «አንቺ ኮምጣጣ» ነበር የምትለኝ፣ እኔም «አንቺ ወሬኛ» እላት ነበር፣ ተዋደን እንኖር ነበር። ዱቄቱን ትቼ ወጣሁ። ምስኪን የሚለው ቃል እስከ ቤቴ ድረስ አብሮኝ መጣ። ቢተፉብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁን 18

ኤልማርስ መጣ፤ አኮርዲዮን የሚጫወተው ሽማግሌ፣ የያኒስ የልጅነት ጓደኛ። በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል።

«እውነት ታነድጃለሽ?»

«አነድዳለሁ።»

«እሳቱ የሚነድበትን በርሜል ማን ይሰቅለዋል?»

«አንተ።»

«እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሚርዛ።»

«ታዲያ ወጣት ይዘህ ና። ጥላ ሥር ተቀምጠህ እዘዝ፣ ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸው እሱን አይደል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው፤ እዚህ ቤት መሳቅ እንደማይገባ ትዝ ብሎት ነው፣ ፊቱ ላይ አየሁት። «ከፈለግሽ እኔ ከያኒስ ጋር ልቀመጥና አንቺ ጓሮውን…» ብሎ ጀመረ።

«ጓሮዬ ምን ሆነ?»

«ምንም። ጥሩ ነው።»

እሱም «ጥሩ» ማለት ጀመረ። ሸኝቼው ስመለስ አጥሩን ተደግፌ ጓሮዬን አየሁት፤ አረሙ እስከ ወገቤ ደርሷል፣ ቀይ ሥሩ ከሥር ተንጋሎ ሞቷል። ያኒስ በደኅናው ጊዜ ይህን ቢያይ አንድ ሳምንት ያፌዝብኝ ነበር።

ጁን 21

ራዲዮው ዛሬ የዓመቱ ረጅም ቀን ነው አለ። ለማን ነው የሚነግሩት?

አይቡን አፈላሁ። እርጎውን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ የሜዳ ከሙኑን ከተትኩ፤ በጨርቅ ቋጥሬ ድንጋይ ጫንኩበት። መሃል ላይ ያኒስ ከወንበሩ ተንሸራተተ፤ እሱን ስይዝ አይቡ ከልክ በላይ በሰለ። ጣውላ ሆነ። ክብነቱ ግን አልጠፋም። የፀሐይ መልክ እስካለው ድረስ አይብ ነው።

ኡልዲስ መጥቷል። የአባቱን ልብስ በሻንጣ ያጣጥፋል። ሹራቡን ገልብጦ ነው ያጠፈው፣ አወጣሁና አስተካክዬ መለስኩት። ለምን እንዳስተካከልኩለት አላውቅም።

ጁን 23፣ ጠዋት

የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ በሩ ላይ ተደርጓል። እሾሁ በረቱ መግቢያ ላይ፣ ጠንቋዮቹን ለማባረር። ባሉጥ ቆርጬ አክሊሉን ጎነጎንኩ። ኡልዲስ መሰላሉን ያዘልኝ፣ «እማ፣ ትወድቂያለሽ» እያለ። ልውደቅ።

ቢራው ቀዝቅዟል። በርሜሉ ረጅሙ እንጨት ጫፍ ላይ ተሰቅሏል፣ ኤልማርስ ጥላ ሥር ነው።

ይምጡ።

ጁን 24

አልተኛሁም። በዚህ ሌሊት የተኛ በጋውን ሙሉ ያንቀላፋል ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ ምክንያት አይደለም ያልተኛሁት። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ራሴን አላምነውም።

መጡ። ከጠበቅኩት በላይ መጡ፤ የኢቬታ ድምፅ ማጉያ ከሩቅ ሲያጓራ እየተሰማ ኮረብታውን ተያይዘው ወጡ። ሴቶቹ የአበባ ጉንጉን፣ ወንዶቹ ባሉጥ ደፍተዋል። ያኒስን በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ነበር፣ አክሊሉ እስከ ቅንድቡ ወርዷል፤ ጭንቅላቱም ከስቷል መሰለኝ። መንገዱ የሚያልፈው በጓሮዬ መሃል ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች አረሜን በጉልበታቸው እየከፈሉ አለፉ። አንዲት ትንሽ ልጅ «እዩት አረሙን» ስትል እናቷ ቆነጠጠቻት። ከዚያ ዘፈኑን ጀመሩ፣

«እመቤት፣ እመቤት፣ ወርቅ ነው እጅሽ፣ ሊጎ፣ ሊጎ፣
እንደ ፀሐይ ክብ ነው ቢጫው አይብሽ፣ ሊጎ።»

ወርቅ ነው እጄ። ያ ሁሉ አረም ቀሚሳቸው ላይ ተለጥፎ። አይቡን ቆርሼ ሰጠኋቸው፤ ያኝኩታል፣ መንጋጋቸው ሲታገል ይታየኛል፣ «እንዴት ይጥማል» ይሉኛል። ኤልማርስ አኮርዲዮኑን በቀስታ ይስባል፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይመስል። በርሜሉ ተለኮሰ፤ ነበልባሉ ወጣ፣ ብርሃኑ ወንዙን ተሻግሮ የአውስማ እርሻ ድረስ ደረሰ፤ ማንም አልጮኸም። ወደ ያኒስ እየተጠጉ ትከሻውን ይነካሉ፣ እንደ ሬሣ ሣጥን ይሰናበቱታል። እሱም ለእያንዳንዱ «ጥሩ» ይላል።

እንዲህ ያለ ቁጣ በሕይወቴ አላውቅም። ቀብረውናል። ሁለታችንንም በቁማችን፣ በዘፈን ቀብረውናል፤ ቀብሩን ደግሞ በገዛ ቢራዬ ነው የሚያወራርዱት። ነገ ሻንጣው ይወጣል፣ እነሱም «ይሻለዋል» ብለው ይተኛሉ። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ሁላችሁም ወደ ኳስ ሜዳችሁ ውረዱ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

ያን ጊዜ ከቁልቁለቱ በኩል የአውስማ ድምፅ መጣ። ዘግይታ፣ ብቻዋን ነበር የምትወጣው።

«የኦዞሊ እመቤት ካሮት ዘራሁ አለች፣ ሊጎ፣ ሊጎ፣
በአረሙ ጫካ ውስጥ ተኩላ ታረባለች፣ ሊጎ።»

ኤልማርስ አኮርዲዮኑን አቆመ። አውስማ ግን እየወጣች ነው፣ ወገቧን ይዛ፣ እያለከለከች፣

«አይቧ መጣላችሁ ጥርሳችሁን ያዙ፣ ሊጎ፣ ሊጎ፣
አምና የቀመሱት ሐኪም ቤት ተጓዙ፣ ሊጎ።»

ኡልዲስ ፊቱ ደም መስሎ ወደ እኔ ተጠጋ። «እማ፣ ይቺን ሴትዮ ላስወጣት?»

«ዝም በል፣ አታበላሽብኝ» አልኩት። ጉሮሮዬ ተከፍቶ ነበር። እንደዚህ የተከፈተው መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

«የክራስቲዋ አውስማ ዓይኗ ረጅም ነው፣ ሊጎ፣ ሊጎ፣
የሰው አረም ስትቆጥር የሷን ላም በላው፣ ሊጎ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። አውስማ ብርሃኑ ውስጥ ገባች፤ ቀጥ ብላ ያኒስ ፊት ቆመች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣

«ያኒስ ዝም ቢል ዛሬ ማንም አይፈርድበት፣ ሊጎ፣ ሊጎ፣
ሚርዛ ናት ዕድሜውን ስትናገርለት፣ ሊጎ።»

አንዲት ሴት «ኧረ አሁንስ አበዛችው» ስትል ሰማሁ። ያኒስ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ታመመ ብዬ ሮጥኩ። እየሳቀ ነበር። ግማሹ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው፣ ግን ሆዱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፣ አክሊሉ አፍንጫው ላይ ወደቀ፣ እንባው ወረደ። ከዚያ «ሊጎ» አለ። ቃሉን፣ ከነዜማው። ዜማው እንደ ድሮው የተበላሸ ነው፤ ያኒስ በደኅናው ጊዜም ዜማ ይዞ አያውቅም። እንደገና «ሊጎ» አለ። ልጄን አየሁት፤ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል።

አውስማ ግን አልጨረሰችም። ወደ እኔ ዞረች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው፣

«በሯን ዘጋግታ አትግቡ ትላለች፣ ሊጎ፣ ሊጎ፣
ብቻዋን አንስታ አብራ ትወድቃለች፣ ሊጎ።»

ሰምታለች ማለት ነው። ያን ቀን በመስኮቱ ሰምታለች። ኡልዲስ «መቼ ነው የወደቃችሁት?» አለ። ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። የተቆጣ ይዋረዳል፤ ዝም ያለም ይሸነፋል። ተረጋግቼ አስቤ የተናገርኩት አይደለም፤ ግጥሙ ራሱ ነው የወጣው፣

«ባሉጥ ነው ያኒሴ፣ አይነሣም በአንድ ሰው፣ ሊጎ፣ ሊጎ፣
አፍሽስ ጎበዝ ነው፣ ክንድ ካለሽ አምጪው፣ ሊጎ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ለልጄ ያልነገርኩትን፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ያልጻፍኩትን፣ ለጠላቴ፣ በአገሩ ሰው ፊት። ማንቆርቆሪያው አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አውስማ አየችኝ። መልስ ግጥም አልነበራትም። በነዚህ ሁሉ ዓመታት መልስ ስታጣ ያየሁት ትናንት ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላማ የቀረውን ማን ይይዘዋል። የሱቋ ወሬኛ ስለ አይቤ ዘፈነች፣ ኤልማርስ ስለ ቢራዬ፣ አንዱ ጎረምሳ ኡልዲስ ሻንጣ ሲያጣጥፍ በመስኮት አይቶት ኖሮ በሻንጣው ዘፈነበት። ልጄ ግጥም አያውቅም፤ ተንተባተበ፣ ሳቁበት፣ እሱም መጨረሻ ላይ ሳቀ። ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ሰደቡኝ። እኔም ሳልሰድበው ያለፍኩት ሰው የለም። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ፤ ግን ይኸኛው ቁጣ ያሞቃል።

ጎህ ሲቀድ ሴቶቹ ፊታቸውን በጤዛ ሲታጠቡ አውስማ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ወደ እኔ አላየችም።

«በስንት ሰዓት ነው የምታነሺው?»

«ጠዋት በሰባት።»

«ዘግይቷል። እኔ ላሞቹን በስድስት ነው የምጨርሰው።»

«የኔ ባል ላም አይደለም።»

«እሱን አውቃለሁ። ላም ቢሆን አንቺ ዘንድ አይቆይም ነበር» ብላ ወረደች።

ጁን 25

ጠዋት በስድስት ተኩል መጣች። ሰላምታ የለም። የላም ሽታ ይዛ እጇን እንኳ ሳትታጠብ መኝታ ቤት ልትገባ ስትል «ታጠቢ» አልኳት፤ «ሳሙናሽ የት አለ፣ እሱንም አረም ዋጠው?» አለችኝ።

አነሣነው። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ። አያያዟ የተሳሳተ ነው፤ ብብቱን ታሳምመዋለች። ነገርኳት። «አንቺስ ብትሆኚ፣ ወገብሽን አጉብጠሽ ነው የምታነሺው፣ በክረምት ትሰበሪያለሽ» አለችኝ። ማን ጠየቀሽ አልኳት። አንቺ፣ አለችኝ፣ በአገሩ ሰው ፊት። ያኒስ መሃላችን ቆሞ ነበር። በእግሩ ቆሞ፣ አንዴ ወደ እሷ አንዴ ወደ እኔ ያያል። ከዚያ አጥበነው ንጹሕ ሸሚዝ አለበስነው፤ ቁልፉን አዛንፋ ነው የቆለፈችው፣ ፈትቼ ቆለፍኩት።

ኡልዲስ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። አውስማ በጎኑ አልፋ «ነገ ከላሞቹ በኋላ» ብላ ወጣች። ለማን እንዳለችው ግልጽ አልነበረም፤ ለሁላችንም ይሆናል። ልጄ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እማ፣ እኔ ብጠይቅሽ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?»

«አንተ በግጥም አልጠየቅከኝም» አልኩት። ክፉ ነኝ። እውነት ግን ነው።

ስልኩን አወጣ። ለአረጋውያን ቤቱ ሰዎች ከምሳ በኋላ እንመጣለን ብሎ ነግሯቸው ነበር። «እሺ፣ ስለ አልጋው ምን ልበላቸው?» አለኝ።

«ጠላት ለሌለው ሰው ስጡት በላቸው» አልኩት።